የጣሪያችን ውሃ የት ይሄዳል?

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ በሩን ተደግፋችሁ የቆማችሁ ወጣቶችም፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

እድራችን ድንኳን የሚተክለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ሊቀመንበሩ ስለ ጎርፍ ተናገር ሲሉኝ ደስ ያለኝ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ቀድሞ ስለ መድረስ ልናወራ በመሆኑ ነው። ግንቦት ሊያልቅ ነው፤ ጊዜ የለንም።

ዕድሜዬን የፈጀሁት መንገድና ቱቦ ሥራ ላይ ነው። ከእንጦጦ አናት እስከ አቃቂ ድረስ ከተማችን ወደ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ቁልቁል ትወርዳለች። ቀበናው፣ ግንፍሌው፣ ባንትይቀጡው ሁሉ ወደ ታች ይሮጣል፤ መጨረሻው አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም አዋሽ ነው። በዓመት ከምናገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ ውሃ ጊዜ አይሰጥም።

ባለፈው ሳምንት ከድልድያችን በላይ ያለውን ቦይ ከልጆቹ ጋር ከፍተን ነበር። ከላይ ሃይላንድ የምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ከሥሩ ፌስታል፣ ከዚያ ጥቁር ደለል፣ ከዚያ ለግንባታ ተብሎ መንገድ ዳር የተቆለለ የአንድ ሰው አሸዋና ጠጠር። ከሁሉም በታች አንድ ሙሉ የስፖንጅ ፍራሽ ተጣጥፎ ተኝቷል። ፍራሹን ማን እንደጣለው አልጠይቅም፤ ባለቤቱ እዚህ ሳይኖር አይቀርም።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በቆሻሻ ማሳበብ ይቀናናል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ያ ቦይ ተጠርጎ ቢያንጸባርቅም እንኳ ሐምሌ ላይ ይሞላል። ሲሠራ ከበላያችን ያለው ሰፈር ሣርና የጓሮ ጎመን ነበር፤ ዝናቡን አፈሩ ይጠጣው ነበር። ዛሬ ቆርቆሮ፣ አስፋልትና ሲሚንቶ ሆኗል። እስቲ አስሉት። መቶ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 4,000 ሊትር ውሃ ነው፤ ሃያ በርሜል። እዚህ ያለነው መቶ አባወራ ብንሆን ሁለት ሺህ በርሜል ውሃ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ቦይ እንደፋለን። ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ቤት የሚገባው ጎርፍ የእኛ ጣሪያ ውሃ ነው።

ድሬዳዋን አስታውሱ። ደቻቱ የሚባለው ወንዟ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ከላይ ከደጋው የወረደው ውሃ የተኛውን ሕዝብ ደረሰበት። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። በራሳችን ከተማም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጎርፍ ሰባት ሰው ወስዷል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ውሃውን ከወደቀበት ግቢ ትንሽ እንድታቆዩት ነው። አሸንዳችሁን ጠግኑና ወደ በርሜል ወይም ወደ ሮቶ አስገቡት። በሳምንት ሁለት ቀን በፈረቃ የሚመጣ የቧንቧ ውሃ ለመቅዳት ሌሊት እየተነሣን፣ ነሐሴ ላይ ሃያ በርሜል መልቀቃችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ለመጠጥ ባይሆን ለልብስና ለሽንት ቤት ይሆናል። ግቢያችሁን ጥግ ድረስ በሲሚንቶ አትለስኑት፤ አንድ ጎን ለአፈር ተዉለት። የሽንት ቤት መስመር ከጎርፍ ቦይ ጋር ያገናኛችሁም አላችሁ፤ ሽታው አጋልጧችኋል። ክረምት ሳይገባ ለዩት።

ኮሚቴው ሮቶ በጅምላ ገዝቶ ከወርሃዊ መዋጮ ጋር ቀስ በቀስ እንዲከፈል ሐሳብ አቅርቧል። እኔ እደግፋለሁ፤ ዛሬ ድምፅ ስጡበት። ቦዩን የምንጠርገው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሦስት ሰዓት ነው። የወጣው ደለል ዳር ላይ ከተከመረ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ስለሚገባ፣ የጭነት መኪና ያላችሁ ሁለት ሰዎች ከስብሰባው በኋላ ፈልጉኝ። አካፋ ከየቤታችሁ ይምጣ፤ ቦት ጫማና ጓንት ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።