ለድስት የሚሆን አፕል

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ ስለ አፕል ላወራችሁ ነው። ተነክሶ ስለሚበላው ሳይሆን ድስት ውስጥ ስለሚገባው።

እንግሊዝ እህቴ ጋ የሄድኩ ጊዜ ብራምሊ የሚባል አፕል ሠርታ አበላችኝ። ሜሪ አን ብሬልስፎርድ የምትባል ልጅ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1809፣ ሳውዝዌል በምትባል ከተማ ከዘራችው ፍሬ የተገኘ ዛፍ ነው። ጥሬውን ጥርስ ያጠርሳል። አሲዱ ብዙ ስለሆነ ግን እሳት ሲነካው ፍርስርስ ብሎ ገንፎ ይመስላል፤ እህቴ ስኳርና ቀረፋ ጨምራበት ነበር፣ ጣዕሙ እስካሁን አፌ ውስጥ አለ።

ይህን ዛፍ ሐዋሳ ካላበቀልኩ ብዬ ፍሬውን ዘራሁ። እማዬ «አፕል የደጋ ነው፣ ብርድ ይወዳል እኮ ልጄ» አለችኝ። አልሰማኋትም። አራት ዓመት ሙሉ ውሃ አጠጣሁት፣ ኮተኮትኩት፣ ቁመቱ አጥሩን አለፈ፤ አበባ ግን የለም።

ለካ ከፍሬ የበቀለ አፕል እናቱን አይመስልም። ዝርያው እንዳይጠፋ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሌላ ግንድ ላይ ይገጠማል። ደግሞ ብራምሊ ረጅም ብርድ ካላገኘ በወጉ አያብብም። የኛ ከተማ ከፍታ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ ጨንቻ ደጋ አይደለም። ቢያብብ እንኳ የራሱ የአበባ ዱቄት ደካማ ስለሆነ አጠገቡ ሌሎች አፕሎች ይፈልጋል። ለአንድ ጠባብ ግቢ ይህ ሁሉ አይሆንም።

ስለዚህ ትንሽ ብርድ የሚበቃቸውን ሁለት ተከልኩ፤ እስራኤል የተገኘውን አናን፣ ከባሃማስ የመጣውን ዶርሴት ጎልደንን። አንድ ላይ ስለሚያብቡ ይደጋገፋሉ። የሐዋሳ ብርድ ለነሱም ስለሚያንሳቸው ቅጠላቸውን በእጄ እያራገፍኩ አሳርፋቸዋለሁ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ያቆጠቁጣሉ። እውነት ለመናገር ሁለቱም የድስት አፕል አይደሉም። ግን ሳይበስሉ፣ ገና ኮምጣጣ እያሉ ካወረድኳቸው፣ ሎሚ ጨምቄ እሳቱን አለሳልሼ ካቆየኋቸው ጥሩ ማርማላታ ይወጣቸዋል። ዘንድሮ 14 ፍሬ አወረድኩ። እማዬ በጾሙ ዳቦ ላይ እየቀባች በላችው፣ «ይሄስ ደህና ነው» አለች።

ያ ትልቁ ዛፍ አሁንም አለ። እማዬ ቁረጠው ትላለች፣ እኔ አልቆርጠውም። የአናን ቅርንጫፍ ልገጥምበት ነው። ከያዘ እነግራችኋለሁ።