ዘውዱ ላይ አታቁሙ

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ ውድ ወጣት ጸሐፍት፣ እንደምን ዋላችሁ?

ደሴ ውስጥ ይህን ያህል ወጣት የራሱን ልቦለድ ይዞ ሲመጣ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ረቂቆቻችሁን አንብቤያለሁ። ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁት ፋንታሲ ነው። ልዕልቲቱ ከቤተ መንግሥት ትባረራለች፣ ትንከራተታለች፣ በመጨረሻ ትነግሣለች። ይህን ታሪክ ከልቤ እወደዋለሁ። ግን ሁላችሁም ዘውዱን ጭናችሁላት «ተፈጸመ» ትላላችሁ። የመጣሁት እዚያ ላይ እንዳታቆሙ ልለምናችሁ ነው።

ታሪኩ በእኛው አገር በእውን ሆኗል። የአፄ ምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ፣ ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ሲይዙ ከቤተ መንግሥት ርቀው ፋሌ እንዲቀመጡ ተደረጉ። ልጅ ኢያሱ የዘውዲቱ እህት የወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ ናቸው። የተወለዱትም እዚሁ ደሴ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሻሩና ያቺ የተገፋች ልዕልት ንግሥተ ነገሥታት ተባለች።

አዲስ አበባ ላይ ሆኖ የሚጽፍ ሰው እዚህ ጋ እልል ብሎ ሊጨርሰው ይችላል። እኛ ግን ደሴ ነን። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን የልጅ ኢያሱን ዙፋን ለማስመለስ የወሎን ጦር አስከትለው ዘመቱ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። እዚሁ ደሴ፣ በንጉሡ አይጠየፍ አዳራሽ ግብር ከበላው ሰው ስንቱ እዚያ ቀረ! የእሱ ሚስት ስለ አዲሷ ንግሥት ምን ብላ ይሆን? ይህን የሚጽፍልን ከዚህ ከተማ ካልወጣ ከየት ይወጣል?

ዘውዲቱም ቢሆኑ ዘውዱ ብዙ አስከፍሏቸዋል። ሲነግሡ ከባለቤታቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ እንዲለያዩ ተደረገ። ከዓመታት በኋላ ራስ ጉግሣ አመፁ፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም በተባለ ቦታ ከመንግሥት ጦር ጋር ሲዋጉ ሞቱ። ንግሥቲቱም በ2 ቀን ልዩነት አረፉ። እስቲ ይህን በልቦለድ አስቡት። የራሷ መንግሥት ጦር ባሏ ላይ የዘመተባት ንግሥት!

የወሎዋን ወይዘሮ ወርቂትንም አትርሱብኝ። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወይዘሮ ወርቂት ግዛት ሲገቡ፣ የወይዘሮዋ ልጅ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ነበር። ቴዎድሮስ ተቆጥተው ልጁን አስገደሉት። ወይዘሮ ወርቂት ደግሞ ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፏቸው። እኔ ብጽፈው ይህን ለወሰኑባት አንዲት ሌሊት ብቻ ብዙ ምዕራፍ እሰጣታለሁ።

ስለ አስማቱም ትንሽ ልበል። ልዕልቶቻችሁ በረዶ ውስጥ ባይሸሹ ደስ ይለኛል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ሠራዊት ይደብቃል። መካሪ ካስፈለጋት ዱበርቲዎቻችን፣ መራቂ እናቶቻችን፣ አሉላት፤ ቡና አፍልተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቋታል።

ረቂቃችሁን ቅደዱ አላልኩም፤ አብሽሩ! ከዘውዱ በኋላ ያለውን አንድ ምዕራፍ ብቻ ጨምሩበት። በሚቀጥለው ስንገናኝ ይዛችሁልኝ ኑ፣ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። አሁን መድረኩ የእናንተ ነው።