ከሐራጁ በፊት ፌስታሉን ክፈቱት

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ቤት በጋራ ያላችሁ፣ በጋራ ቤትም የተጣላችሁ ሁሉ፣ እንደምን አደራችሁ።

አዘጋጆቹ በጋራ ስለተያዘ ቤት ክርክር ተናገር ብለውኛል። ኮንዶሚኒየም ማለታቸው አይደለም። አንድ ቤት ሁለት ሦስት ባለቤት ሲኖረው ማለታቸው ነው። የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ የመጣሁት አንድ ነገር ይዤ ነው።

ሦስት እህትና ወንድማማቾች ከእናታቸው ቤት ወረሱ። ታላቋ እናቷን እያስታመመች እዚያው ትኖር ነበር፤ ከቀብሩ በኋላም አልወጣችም። ሁለቱ ወንድሞች ሌላ ቦታ ይኖራሉ። ሁለት ዓመት ማንም ምንም አላለም። ከዚያ ትንሹን ገንዘብ ቸገረው። «ድርሻዬን» አለ። እሷ «ጣሪያውን ማን አስጠገነው?» አለች። እሱ «ያለ ኪራይ የኖርሽበትስ?» አለ። ቀጥታ ጠበቃ ጋ ሄደ። ጠበቃው እኔ ነበርኩ።

ቤቱ ተሽጦ ገንዘቡ ይከፋፈል ብዬ ክስ ጻፍኩ። ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር። ማንም ሰው ያለፈቃዱ በጋራ ባለቤትነት ታስሮ አይኖርም የሚለው መርህ ከሮማውያን ጀምሮ ያለ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1804 ባወጡት ሕግ በአንቀጽ 815 አስፍረውታል። የእኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋራ ባለቤት ክፍፍል እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ቤቱ ደግሞ ሦስት ቦታ የሚቆረጥ አልነበረም። አንድ በር፣ አንድ ኩሽና።

እህትየው ችሎት የቀረበችው ፌስታል ይዛ ነው። ውስጡ ደረሰኝ ነበር፤ የቆርቆሮ፣ የቧንቧ፣ የግብር። እኔስ ምን አልኩ? «በጊዜው ያልቀረበ ማስረጃ ነውና ውድቅ ይደረግልኝ!» ተደረገልኝ። ኮሪደር ላይ ጓደኞቼ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

አራት ዓመት ተከራከርን። ቤቱ ሐራጅ ወጣ። በመጀመሪያው ቀን ተጫራች ጠፋ። በሁለተኛው ከግምቱ በታች ሄደ፤ የገዛው ጎረቤት ነው። እህትየው የወንድሞቿን ድርሻ በግምቱ ዋጋ ልትገዛ ተዘጋጅታ እንደነበር የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኳትም።

መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ሒሳቡን ለራሴ ሠራሁት። ከጥገናውና ከግብሩ ሁለት ሦስተኛው የወንድሞቿ ዕዳ ነው። ከኖረችበት ጊዜ ኪራይ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው የእሷ ዕዳ። አንዱ ዕዳ ከሌላው ሲቀናነስ የቀረው ልዩነት ከእኔ የጥብቅና ክፍያ ያንሳል።

ልብ በሉልኝ። ድርሻው አንድ ሦስተኛ መሆኑን የካደ ሰው አልነበረም። ጠቡ የባለቤትነት አልነበረም፤ የሒሳብ ነው። እኛ ግን ሒሳቡን ትተን ቤቱን እንሸጣለን! ለምን? የሐራጅ ክስ ቀላል ስለሆነ ነው። ካለፈው መዝገብ ገልብጠን ስሙን እንቀይራለን። ሒሳብ ግን መቀመጥ ይፈልጋል፣ ደረሰኝ መቁጠር ይፈልጋል፣ የሰው ለቅሶ መስማት ይፈልጋል። ይህን ስንፍናችንን «መብት ማስከበር» ብለን መጥራት ይብቃን!

አይቻልም የምትሉኝ ካላችሁ፣ አሜሪካኖች ለተወረሰ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ሞዴል ሕግ፣ ማለትም ግዛቶች ከፈለጉ የሚቀበሉት ረቂቅ፣ አዘጋጅተዋል። ከ20 በላይ ግዛቶች ተቀብለውታል። አንዱ ወራሽ ይሸጥ ሲል ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ዋጋውን ያስገምታል። ሌሎቹ የጠያቂውን ድርሻ በዚያ ዋጋ መግዛት ይፈልጉ እንደሆነ እንዲያሳውቁ 45 ቀን ይሰጣቸዋል። ለመክፈል ደግሞ ቢያንስ 60 ቀን። መጀመሪያ ይጠየቃሉ ማለት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስለ ሽምግልናም እንድናገር ተጠይቄ ነበር። ጥሩ ነው፤ ግን ሽማግሌው ካልኩሌተር ይያዝ። ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን።

እኔ ቢሮ አሁን በመጀመሪያ ቀን ክስ አይጻፍም። ደንበኛው ሦስት ነገር አምጣ ይባላል፤ ያወጣኸውን፣ የተቀበልከውን፣ የኖርክበትን ወራት። ተቆጥቶ ጥሎኝ የሄደ አለ። ባለፈው ወር ጥሎኝ የሄደ አንድ ደንበኛ ከእናንተ መካከል ወደ አንዳችሁ ቢሮ እንደሄደ ሰምቻለሁ። ማን እንደሆናችሁ አልናገርም። ሰውየው ፌስታል ይዟል፤ እባካችሁ ክፈቱለት።

አመሰግናለሁ።