ከችግኝ ጣቢያ ወደ መናፈሻ፦ የሙቀት ወራት ሲገቡ የሚሠራ ሥራ

[ምስል፦ ማለዳ። በዳስ ሥር የተደረደሩ ችግኞች።]

ቅዝቃዜው አልፎ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ ባሉት ጥቂት ሳምንታት በሕዝብ መናፈሻና በችግኝ ጣቢያ የሚሠራው ሥራ ይበረክታል። ቀኑ ይረዝማል፣ አፈሩ ይሞቃል፣ ቅጠሉም በየቀኑ ይጨምራል። ቅጠል በበዛ መጠን በትነት የሚወጣው ውሃ ይበዛል፤ ሥር ግን ያንን ለመተካት ጊዜ ይፈልጋል። የሚወጣው ውሃ ከሚገባው ሲበልጥ ተክሉ ይጠወልጋል፤ ይህ ከቀጠለም ይደርቃል። በዚህ ቪዲዮ የምንመለከታቸው ሥራዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህን ሚዛን ለመጠበቅ የሚከናወኑ ናቸው።

የመጀመሪያው ችግኝ ማጠንከር ነው። በግሪን ሃውስ ወይም በዳስ ውስጥ ያደገ ችግኝ ነፋስም ሆነ ቀጥተኛ ፀሐይ አያውቅም። ቅጠሉን የሚሸፍነው ሰም መሰል ሽፋን ስስ ነው፤ ውሃ በትነት የሚወጣባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ድርቀት ሲመጣ ፈጥነው መዘጋትን አልለመዱም። እንዲህ ያለ ችግኝ በድንገት ወደ ፀሐይ ቢወጣ ቅጠሉ ነጥቶ ይቃጠላል። ስለዚህ ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲለማመድ ይደረጋል፦ በመጀመሪያ ነፋስ በማይበረታበት ጥላ ሥር ለጥቂት ሰዓታት ይወጣል፣ ቀጥሎ የማለዳ ፀሐይ ያገኛል፣ በመጨረሻም ቀኑንም ሌሊቱንም ውጭ ይውላል፤ ያድራልም። ውሃ የሚጠጣበት ጊዜም በመጠኑ ይራራቃል፤ ሆኖም ችግኙ እስኪጠወልግ ድረስ መጠበቅ አይገባም። ነፋስ ሲያወዛውዘው ግንዱ አጠር ብሎ ይወፍራል፣ ይጠነክራልም። የመናፈሻው መደቦች ባዶ ሆነው ጎብኚ ሲጠበቅ ይህን ጊዜ ለማሳጠር የሚደረገው ግፊት ከባድ ነው። ነገር ግን በጥድፊያ የተተከለ ችግኝ ከተከላው በኋላ ለማገገም ብዙ ቀናት ስለሚያባክን፣ ተቆጠበ የተባለው ጊዜ በእርግጥ አልተቆጠበም።

[ምስል፦ ከማሰሮው የወጣ ችግኝ፤ ሥሩ በአፈሩ ዙሪያ ተጠምጥሞ ይታያል።]

ገና ለተከላ ያልደረሱት ደግሞ ወደ ሰፋ ያለ ማሰሮ ይዛወራሉ። ሥሩ በማሰሮው ውስጠኛ ግድግዳ ዙሪያ መጠምጠም ከጀመረ፣ በተለይ ዛፍ ከሆነ፣ ጥምጥሙን መፍታት ወይም በስለት መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ ከተከላ በኋላም በዚያው መልክ እየወፈረ ሄዶ ከዓመታት በኋላ ግንዱን ሊያንቅ ይችላል። አዲሱ ማሰሮ ከቀድሞው ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሰፋ ይበቃል፤ ሥር ያልደረሰበት ሰፊ አፈር ውሃ አቁሮ አየር ስለሚያጣ ሥሩን ያበሰብሳል። ውሃ እንዲያንጠፈጥፍ ተብሎ ከማሰሮው ሥር ጠጠር የማድረግ ልማድ በሰፊው ይታያል፤ ውጤቱ ግን የታሰበው አይደለም። ውሃ ደቃቅ ከሆነው አፈር ወደ ሻካራው ጠጠር የሚወርደው ከላይ ያለው አፈር በውሃ ከጠገበ በኋላ ስለሆነ፣ ጠጠሩ የረጠበውን ክፍል ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል። ከታች ክፍት ቀዳዳ ያለው ማሰሮና አየር የሚያስገባ የአፈር ድብልቅ ከጠጠር ይልቅ ይጠቅማሉ። ጥቁር ፕላስቲክ ማሰሮም ጎኑ ለፀሐይ ከተጋለጠ በውስጡ ያለው ሙቀት ከ38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍና ሥሩን ሊጎዳ ይችላል፤ ማሰሮዎችን አጠጋግቶ መደርደር ጎናቸውን እርስ በርስ እንዲያጠልሉ ያደርጋል።

ተከላው በደመናማ ቀን ወይም ፀሐይ ስትበርድ ቢሆን ይመረጣል። ችግኙ አስቀድሞ ውሃ ይጠጣል፤ ጉድጓዱ በጥልቀቱ ከሥሩ እቅፍ አፈር፣ ማለትም ሥሩ አቅፎ ከያዘው አፈር፣ ሳይበልጥ በስፋቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል። የዛፍ ግንድ ወደ ሥር ሲሰፋ የሚታየው ክፍል ከአፈሩ በላይ መቆየት አለበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ ውሃ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። በየቀኑ ላዩን ብቻ የሚያርስ ርጭት ሥሩ ፈጥኖ በሚደርቀው የአፈር ክፍል እንዲቀር ያደርገዋል፤ በጥልቀት አጠጥቶ ማራራቅ ግን ሥሩን ወደ ታች ይመራል። አዲስ ተክል ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃ የሚያገኘው ይዞት ከመጣው እቅፍ አፈር ብቻ ስለሆነ፣ በዙሪያው ያለው መሬት እርጥብ ሆኖ እርሱ ሊደርቅ ይችላል። በመሆኑም ላዩን ዓይቶ ከመፍረድ በእጅ መኮትኮቻ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ እርጥበቱን መዳሰስ ይሻላል። ማለዳ ማጠጣት በትነት የሚባክነውን ይቀንሳል።

ጉዝጓዝ፣ ማለትም እርጥበት ለመጠበቅ በአፈሩ ላይ የሚነጠፍ ልባስ፣ የሚለብሰው አረሙ ተነቅሎ አፈሩ ከራሰ በኋላ ነው፤ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የዛፍ ቅርፊት ወይም ብስባሽ ይበቃል። ግንድን የሚነካ ጉዝጓዝ ቅርፊቱን ስለሚያበሰብስ ዙሪያው ባዶ ይተዋል። በሕዝብ መናፈሻ ሌላም ጥቅም አለው፦ የብዙ ሰው እግር የረገጠው አፈር የአየር ቀዳዳው ተደፍኖ ውሃ ማስረግ ያቅተዋል፤ በዛፉ ሥር በሰፊው የተዘረጋ ጉዝጓዝ ግን ሰዎች በዚያ እንዳይረግጡ ያመለክታል።

ጎብኚዎች የሚያማርሩበት አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እናንሳ። እንደ ቱሊፕ ያሉ ከአምፖል (ከመሬት ሥር ካለ ሽንኩርት መሰል ክፍል) የሚበቅሉ አበቦች ካበቡ በኋላ ቅጠላቸው ለስድስት ሳምንታት ያህል እየገረጣ ይቆያል። አያምርም፤ ነገር ግን ቅጠሉ ለሚመጣው ዓመት አበባ የሚሆነውን ምግብ ወደ አምፖሉ እየላከ ስለሆነ መቆረጥ የለበትም። ምክንያቱን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ በመደቡ ዳር ቢተከል ቅሬታው ይቀንሳል።

[ምስል፦ ለጋ ቅርንጫፍ በመግረዣ መቀስ ሲቆረጥ።]

ይህ ወቅት ከለጋ ቅርንጫፍ አዲስ ተክል ለማራባትም የተመቸ ነው። ሃይድሬንጃ፣ ፉክሲያና ላቬንደር የተባሉት የአበባ ተክሎች በዚህ መንገድ ይራባሉ። አበባ ያልያዘ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጫፍ ማለዳ ላይ ከአንጓ ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ይነሳሉ፣ ከዚያም በእርጥብና አየር በሚያስገባ ድብልቅ ውስጥ ይተከላል። ሥር ስለሌለው የሚያጣውን ውሃ መቀነስ ግድ ነው፤ ስለዚህም በላስቲክ ወይም በመስታወት ይሸፈናል። የለንደኑ ሐኪም ናታኒየል ዋርድ በ1829 እ.ኤ.አ. በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ፈርን የተባለ አበባ የሌለው ተክል በቅሎ ሲያይ የተገነዘበው ይህንኑ ነበር፦ ከቅጠሉ የወጣው ውሃ በመስታወቱ ላይ ጠል ሆኖ ወደ አፈሩ ይመለሳል። በ1833 በዚህ መልክ በመስታወት ሣጥን የታሸጉ ተክሎች በመርከብ ተጭነው ሲድኒ በሕይወት ደርሰዋል፤ ሣጥኑም ከዚያ በኋላ ተክሎችን በውቅያኖስ ማዶ ለማድረስ በሰፊው አገልግሏል። ጄራኒየም ግን ግንዱ ውሃ የቋጠረ ስለሆነ በታፈነ እርጥበት ይበሰብሳል፤ ሳይሸፈን በጥላ ሥር ይቀመጣል።

ቁራጮቹ እንደ ዝርያቸው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ሥር ያወጣሉ፤ ቀስ ተብለው ሲሳቡ ካልወጡ ሥር እንደያዙ ይታወቃል። ቁራጮቹ በተተከሉበት በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ የእናት ተክሉ ስምና የተቆረጠበት ቀን በዚያው ሰዓት መጻፍ አለበት፤ የአንድ ተክል ልዩ ልዩ ዝርያዎች አበባ እስኪያወጡ ድረስ በቅጠላቸው ብቻ ለመለየት ብዙ ጊዜ ያስቸግራሉና።