ቅዳሜ ጠዋት ማን ይቀመጥ? (በቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፣ ጅማ)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አደራችሁ። አከም ቡልተን።

አዳራሹን በነጻ የሰጠንን ኮሌጅ፣ ቡናውን የሚያፈሉልንን እናቶች፣ በዚህ ዝናብ ከአጋሮና ከሰቃ የመጣችሁትን ሁሉ እናመሰግናለን። የማመሰግናቸው ሰዎች ዝርዝር ሌላ አንድ ገጽ አለኝ። እሱን ካነበብኩ ግን ምሳ ይደርሳል። ይቅር በሉኝ።

ሪፖርቱም አጭር ነው። ኮሌጆች እየዞርን አሠልጥነናል። ስለ ጥናት ጽሑፎች ዳታቤዝ አጠቃቀም አንድ ገጽ መመሪያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅተናል። ሁለት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ተለግሰውልናል፤ አንዱ ይሠራል። የቀረውን ጸሐፊያችን ከሰዓት ያቀርባል። እኔ ወደሚከነክነኝ ልሂድ።

ግንቦት ላይ አንዲት የነርሲንግ ተማሪ፣ ቅዳሜ ጠዋት በተራ እየተቀመጥን ተማሪዎችን በጽሑፍ ፍለጋ ወደምናግዝበት ዴስካችን መጣች። ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል የጠቀለለችው ወረቀት ይዛለች። የመመረቂያ ጥናቷ በነፍሰ ጡር እናቶች የደም ማነስ ላይ ነው። ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ቤት አውርደው አትመውላት 60 ብር ከፍላለች። ገለጥ ሳደርገው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ጆርናል ነው። እሱ እኮ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ፣ ኢንተርኔት ላይ ማንም በነጻ የሚያነበው መጽሔት ነው! የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል። የእኛዋ ይባስ ብላ ከደጇ ያለውን ውኃ ገዝታ ጠጣች።

አጠገቤ አስቀመጥኳት። መፈለጊያው ላይ የጥናቷን ርዕስ ከነጅራቱ ትጽፋለች። ቆረጥነው። የደም ማነስ፣ እርግዝና፣ ኢትዮጵያ፤ በእንግሊዝኛ ሦስት ቃል ብቻ። ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ላይ በግራ በኩል «ፍሪ ፉል ቴክስት» የሚለውን ተጫንን። ጉግል ስኮላር ላይ የተቆለፈ ጽሑፍ ሲገጥማት ከሥሩ «ኦል ቨርዥንስ» የሚለውን እንድትከፍት አሳየኋት። ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ራሱ አንድ ቦታ በነጻ አስቀምጦታል። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። ፍላሿን ነቅላ ስትነሳ፣ «ጋሼ፣ ይሄን እስካሁን ለምን አልነገራችሁንም?» አለችኝ። ምን ልበላት?

የጠፋው ዕውቀት ቢሆን ባልተናደድኩ። ዓመቱን ሙሉ የተጨቃጨቅነው የተቆለፉ የጤና መጽሔቶችን በሚከፍተው በሂናሪ ፓስወርድ ነው። ሂናሪን የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ዛሬ ከግብርናው አጎራ፣ ከአካባቢው ኦአሬ፣ ከቴክኖሎጂው አርዲ፣ ከሕጉ ጎአሊ ጋር ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ጥላ ሥር ይገኛል። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች አንዷ ናት። ተቋሙ ይመዘገባል፣ መግቢያው ይሰጠዋል። ከዚያስ? መሳቢያ ውስጥ ይገባል። አንድ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ብጠይቅ የመሳቢያው ቁልፍ እረፍት የወጣ ባልደረባ ኪስ ውስጥ ነው ተባልኩ። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም።

«ፓስወርዱን ለተማሪ መስጠት ደንቡ አይፈቅድም» የምትሉ አላችሁ። ደንቡን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከተቋሙ ውጭ ላለ ሰው ማደል ክልክል ነው። ቴሌግራም ላይ መለጠፍም ክልክል ነው። የተቋሙ ተማሪ ግን ሕጋዊ ተጠቃሚ ነው፣ ልክ እንደ መምህሩ። ፍርሃታችሁ ይገባኛል። አንድ ጎበዝ መጽሔቱን በጅምላ ሲያወርድ መስመሩ ለሁሉም ሊዘጋ ይችላል። ታዲያ ይሄን ለልጆቹ ቁጭ ብሎ ለመንገር አሥር ደቂቃ ነው የሚፈልገው። በዚህ ነጥብ ሦስት ስብሰባ ጨርሰናል። ለአራተኛው ትዕግሥት የለኝም።

የኮራሁበትም አለ። ጡረታ የወጡ አንድ አባታችን፣ ስሜን አትጥራ ብለውኛል፣ አንድም ተራቸውን አልቀሩም። መብራት ሲጠፋ በስልካቸው ዳታ ከፍተው ተማሪ ያስተምራሉ። ዳታውን ከጡረታቸው ነው የሚገዙት። ይሄን ስሰማ ደስም አለኝ፣ አፈርኩም። ማኅበሩ ካዝና ውስጥ ለአንድ ወር ፓኬጅ የሚበቃ እንኳ የለም። መዋጮውን ያልከፈለ ራሱን ያውቃል። ሒሳብ ሹማችን ስም ዝርዝሩን አምጥታለች፤ እንድታነበው አልፈለግኩም።

አሁን የምናገረው ለሌሉት ነው። ንግግሩን በኋላ ግሩፓችን ላይ እለጥፈዋለሁ፤ እዚያ ታነቡታላችሁ። መስከረም ላይ ለቅዳሜ ተራ ስማችሁን በደማቁ ጽፋችሁ ነበር። አንተ ወንድሜ «ዴስኩ በሳምንት ሁለት ቀን ይሁን» ብለህ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትከራከር አስጨብጭበህ ነበር። ካጨበጨብንልህ ጀምሮ አላየንህም። ዛሬም ወንበርህ ባዶ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በርጫ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፤ እሱን ማንም አልነካባችሁም። እኛ የምንፈልገው ጠዋቱን፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። በሁለት ወር አንዴ! እህቴ፣ አንቺም ስልክ ታነሺ ነበር።

የዘንድሮው የተራ መዝገብ በሩ ጋ ባርጩማው ላይ ነው። ለቡና ስትወጡ ፈርሙ። እስክሪብቶውን በሲባጎ አስሬዋለሁ፤ ያምናውን ይዛችሁት ሄዳችኋል።