ማይኩ የት ነበር የቆመው?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ወጋችን በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ስለተቀረጹ የጃዝ ሸክላዎች ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምጠራ እንዳትደናገሩ።

ጃዝ ሲነሣ ወሬው ብዙውን ጊዜ ማን ነፋ፣ ማን አቀናበረ፣ ድራሙን ማን መታ የሚል ነው። ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም ሸክላ ስናዳምጥ የሚደርሰን ማይኩ የሰማው፣ ቴፑ የያዘው፣ መርፌው ያነሣው ድምፅ ነው። «እዚህ ጋ ደከመ»፣ «እዚያ ጋ ከቃናው ወጣ» ብለን በሙዚቀኛው ላይ የምንፈርደው አንዳንዱ ነገር ጭራሽ የእሱ ጥፋት አይደለም። ለዚህ ከፒያኖ ተጫዋቹና የባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን የኒውፖርት ቀረጻ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም።

ጁላይ 7 ቀን 1956፣ ሮድ አይላንድ፣ የኒውፖርት ጃዝ ፌስቲቫል። ያኔ የቢግ ባንድ (ብዙ ነፊዎች ያሉት ትልቅ የጃዝ ባንድ) ገበያ ቀዝቅዟል፤ ብዙዎቹ ተበትነዋል፤ ኤሊንግተንም ዘመኑ ያለፈበት ተደርጎ ይታይ ጀምሯል። ባንዱ በ1937 ያስቀረጸው «ዲሚኑዌንዶ ኤንድ ክሬሼንዶ ኢን ብሉ» የሚባል ሥራ ነበረው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ገጽ የሚይዘው 3 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለነበር፣ ሥራው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በአንዱ ገጽ፣ ግማሹ በሌላው ነው የወጣው። መድረክ ላይ ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለም። በሁለቱ ክፍሎች መሃል ቴነር ሳክስፎን ነፊው ፖል ጎንሳልቬስ ተነሥቶ ሳያቋርጥ 27 ዙር ብሉዝ ነፋ። አንዱ ዙር 12 ባር (ባሩ አራት ምት ነው) ስለሆነ በድምሩ 324 ባር ነው። ከሥሩ ሳም ዉድያርድ በድራም፣ ጂሚ ዉድ በቤዝ ይዘውታል፤ ሕዝቡ ከወንበሩ ተነሥቶ ይጨፍራል። በማግሥቱ ወር ኤሊንግተን የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ነበር።

ታዲያ በዚያው ዓመት የወጣውን ሸክላ ብትሰሙት፣ የምሽቱ ጀግና ከባንዱ ኋላ ርቆ ነው የሚሰማው። ምክንያቱም መድረኩ ላይ የሁለት ተቋማት ማይኮች ነበሩ፤ አንዱ ሸክላውን የሚያወጣው የኮሎምቢያ፣ ሌላው የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ። ጎንሳልቬስ የነፋው ወደ ሬዲዮው ማይክ ነው። የኮሎምቢያው ቴፕ የያዘው ከጎን የደረሰውን ብቻ ሆነ። ከዚያም የምሽቱ ዝግጅት ከፊሉ ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ተቀረጸና የሕዝብ ጭብጨባ ተጨመረበት። ሰዉ ለአርባ ዓመት ያህል «ቀጥታ ቀረጻ» እያለ ይሰማ የነበረው ይህንኑ ነው።

በ1990ዎቹ የሬዲዮው ቴፕ ተገኘ። ሁለቱም ቴፖች ሞኖ ናቸው፤ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ ብቻ ነው የያዙት። ግን ያንኑ ምሽት ከሁለት ቦታ ስለሰሙ፣ አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ አድርጎ ስቴሪዮ መሥራት ተቻለ። ሲሉት ቀላል ይመስላል። ሁለት የቴፕ መቅረጫዎች ግን ፍጹም እኩል ፍጥነት አይኖራቸውም፤ አብረው ቢነሡ እንኳ ጥቂት ቆይተው ይለያያሉ። በሰከንድ ሽራፊ ሲለያዩ ድምፁ ባዶ ቱቦ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ደግሞ እያንዳንዱ ምት ሁለት ጊዜ ይሰማል። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተከታተሉ ማስተካከል ግድ ነበር። ውጤቱ በ1999 በሁለት ሲዲ ወጣ። የምትሰሙ ከሆነ እሱን ስሙ። ጎንሳልቬስ እዚያ ላይ ፊት ለፊታችሁ ነው የሚቆመው፤ ከኋላ ያሉት ሙዚቀኞች እየጮኹ ሲያበረታቱት ሳይቀር ይሰማል። (በነገራችን ላይ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሠርቷል። በዓመቱ ነው ያረፈው።)

ወደ ትንንሾቹ ቡድኖች ስንመጣ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። የትራምፔት ነፊውን የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦቭ ብሉ» ውሰዱ። በ1959፣ ማርች 2 እና ኤፕሪል 22፣ ኒውዮርክ 30ኛው መንገድ ላይ በነበረው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ተቀረጸ። ቤቱ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ድምፁ አየር አለው። ነፊዎቹ ማይልስ፣ ኮልትሬንና ካኖንቦል አደርሊ፤ ቤዙ ፖል ቻምበርስ፣ ድራሙ ጂሚ ኮብ፤ ፒያኖው ቢል ኢቫንስ፣ በአንዱ ዜማ ላይ ብቻ ዊንተን ኬሊ።

የመጀመሪያው ቀን ላይ፣ ዋናውን ቴፕ የያዘው መቅረጫ ከሚገባው ትንሽ ዘግይቶ ይዞር ነበር። ዘግይቶ የተቀረጸ ቴፕ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ ቃናው ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የሸክላው አንደኛ ገጽ፣ ሦስቱም ዜማዎች፣ ቃናቸው ከግማሽ ድምፅ (ኪቦርድ ላይ በሁለት አጎራባች ቁልፎች መሃል ካለው ርቀት) በታች በሆነ መጠን ከፍ ብሎ ወጡ። ሁለተኛው ገጽ ትክክል ነው። ስህተቱ የታረመው በ1992 ነው፤ ያን ቀን ጎን ለጎን ለመጠባበቂያ ይቀርጽ የነበረው መሣሪያ ፍጥነቱ ትክክል ስለነበር ከእሱ ቴፕ ተወሰደ።

የያዛችሁት ቅጂ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ «ሶ ዋት»ን ክፈቱ። ዜማው 32 ባር ነው፤ 16 ባር በዲ፣ 8 ባር ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ በኢ ፍላት፣ 8 ባር ተመልሶ በዲ። በትክክል የተቃኘ ኪቦርድ ላይ ዲን ተጭናችሁ ያዙ። ከቤዙ ጋር ከገጠመ የታረመው ነው። በዲ እና በኢ ፍላት መሃል ተንጠልጥሎ ጆሮ የሚቆረቁር ከሆነ የድሮው ነው። ይህ በተለይ ሳክስፎን ወይም ትራምፔት ለሚማሩ ሰዎች ይጠቅማል። ከድሮው ቅጂ ጋር አብሮ የሚለማመድ ተማሪ መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል፤ አፍ መያዣውን ወደ ውስጥ እየገፋ ቃናውን ሊያወጣ ይሞክራል፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ደግሞ እንደገና ይዛነፍበታል።

ከዚህ ሰፊ ቤት ጋር ለማነጻጸር የቀረጻ ባለሙያውን የሩዲ ቫን ጌልደርን ሥራ ስሙ። ሙያው የዓይን መነጽር ሐኪምነት ነበር፤ ሃከንሳክ፣ ኒው ጀርሲ፣ የወላጆቹ ሳሎን ውስጥ እየቀረጸ ነው ብሉ ኖት የተባለውን የሸክላ ኩባንያ ድምፅ የፈጠረው። በ1959 ነው ወደ ራሱ ስቱዲዮ፣ ወደ ኢንግልዉድ ክሊፍስ የገባው። ማይኩን ወደ መሣሪያው ያስጠጋል፤ ስለዚህ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ አጠገባችሁ ናቸው፤ ፒያኖው ግን ሣጥን ውስጥ የተዘጋ ያህል ይታፈናል። ለእኔ ይህ ትልቁ ድክመቱ ነው፤ ነፊዎቹን ግን በዚያ ዘመን እንደ እሱ ያቀረበ የለም። አሮጌ የብሉ ኖት ሸክላ ካገኛችሁ፣ ሙዚቃው አልቆ እስከ መሃሉ ወረቀት ያለውን ባዶ ቦታ በብርሃን አዘንብላችሁ እዩት። «አር ቪ ጂ» (የስሙ መነሻ ፊደላት) ወይም «ቫን ጌልደር» ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ካለ፣ ሸክላው የታተመበትን ቅርጽ የቆረጠው እሱ ራሱ ነው።

ስለ መርፌ አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ የሚበላሽ ሸክላ ብዙ ነው። ለ78ቱ ሸክላ የሚሆነው መርፌ የጫፉ ራዲየስ ወደ 75 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ይደርሳል፤ የሎንግ ፕሌይ (በደቂቃ 33 ጊዜ ገደማ የሚዞረው ሸክላ) ሞኖ 25፣ የስቴሪዮ 18 ገደማ ነው። በቀጭኑ መርፌ 78ቱን ብታጫውቱ ከቦዩ ሥር፣ አቧራው ውስጥ ይጎተታል፤ ሹክሹክታው ዜማውን ይውጠዋል። ወፍራሙን ሎንግ ፕሌይ ላይ ብታሳርፉ ደግሞ ቦዩን ለዘለዓለም ትፍቁታላችሁ። የሞኖ ሎንግ ፕሌይ በስቴሪዮ መርፌ መጫወት ይችላል፤ ማጉያችሁ የሞኖ ቁልፍ ካለው ተጫኑት። የሞኖ ሸክላ ሙዚቃው ያለው በመርፌው የጎን እንቅስቃሴ ላይ ብቻ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያነጥረው አቧራና ጭረት ነው፤ ቁልፉ ይህንን ያጠፋዋል። ሽፋኑ ላይ ሞኖው «በኤሌክትሮኒክስ ወደ ስቴሪዮ የተቀየረ» የሚል ካያችሁ ግን ተዉት። ወፍራሙን ድምፅ ወደ አንድ ጎን፣ ቀጭኑን ወደ ሌላው ገፍተው ባንዱን የበታተኑበት ነው።

ለመፈተኛ የምመርጥላችሁ የባንድ መሪውን የካውንት ቤዚን «ሊል ዳርሊን» ነው፤ ኦክቶበር 1957፣ ኒውዮርክ፣ የኒል ሄፍቲ ቅንብር። ሄፍቲ ፈጠን አድርጎ ነበር የጻፈው፤ ያዘገየው ቤዚ ነው። 4 ትራምፔት፣ 3 ትሮምቦን፣ 5 ሳክስፎን እንዲህ በዝግታ ሲነፉ ትንፋሻቸው አንድ ላይ ካልወደቀ ወዲያው ይታወቃል። ከእነሱ ሥር ፍሬዲ ግሪን ያለ ማጉያ ጊታሩን በየምቱ፣ በባሩ አራት ጊዜ ይመታል። ባንዱን የሚይዘው እሱ ነው። ጊታሩ ካልተሰማችሁ ድምፁን ከፍ አታድርጉ፤ ማጉያችሁ ላይ የቤዙን (የወፍራሙን ድምፅ) ቁልፍ ቀንሱ። ቤዙና ጊታሩ በአንድ ምት ላይ ስለሚወድቁ፣ የተጋነነ ቤዝ መጀመሪያ የሚሸፍነው ግሪንን ነው። ጊታሩ ብቅ እስኪል በጥቂት በጥቂቱ ቀንሱ፤ ከዚያ እዚያው ላይ ተዉትና ሌሎቹን ሸክላዎች በዚያው ልክ ስሙ።