ዴርዴቪልን በማን ሚዛን?

እንደምን አመሻችሁ! በቀጥታ ልግባ፣ ስለ ኮሚክ ጀግናው ዴርዴቪል ማውራት ከጀመርኩ ማቆም እንደሚከብደኝ የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

ሁለት ኮሚክ አንባቢ ከተገናኘ ይህች ጥያቄ አትቀርም፦ "ዴርዴቪልን ከማን ልጀምር?" መልሱም ሁሌ አንድ ነው። ደራሲና ሰዓሊው ፍራንክ ሚለር። እኔም ስጠየቅ መጀመሪያ አፌ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ግን ቆይቼ ሳስበው፣ ሚለር ሁሌ አንደኛ የሚወጣው ሚዛኑን የሠራው ራሱ ስለሆነ ይመስለኛል።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው። በ1964 ስታን ሊና ቢል ኤቨረት ሲፈጥሩት፣ ቢጫ ለብሶ ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘል፣ ቀልድ የሚወድ ዓይነ ስውር ጠበቃ ነበር። ሚለር በ1979 በሰዓሊነት ሲመጣ መጽሔቱ በሁለት ወር አንዴ ነው የሚወጣው፣ ሊዘጋም ጫፍ ደርሷል። በ1981 ጽሑፉንም ያዘ። የጀግናውን የድሮ ፍቅረኛ፣ ቅጥረኛ ገዳይዋን ኤሌክትራን ፈጠረ፤ በዓመቱ ገደላት። የስፓይደር ማን ጠላት የነበረውን የወንበዴዎች አለቃ ኪንግፒንን ነጥቆ ለማት ሙርዶክ (የዴርዴቪል እውነተኛ ስም ነው) ሰጠው። ሄዶ በ1986 ሲመለስ ደግሞ ከዴቪድ ማዙኬሊ ጋር "ቦርን አጌይን"ን ሠራ። የማት የቀድሞ ፍቅረኛ ካረን ፔጅ ሱስ አናውዟት ዴርዴቪል መሆኑን፣ ያን ምስጢሩን፣ ለአንድ መርፌ ዕፅ ትሸጣለች፣ ምስጢሩም ኪንግፒን እጅ ይገባል፣ ከዚያ ኪንግፒን ቀስ እያለ የማትን ሥራውን፣ ገንዘቡን፣ ቤቱን፣ መጨረሻ ላይ ጤነኛ አእምሮውንም ይወስድበታል። ድንቅ ነው። አልከራከርም።

ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የዴርዴቪል ደራሲ ሥራ ማትን ማሠቃየት ሆነ። እኛም አንባቢዎቹ "ማን የባሰ ሰበረው?" እያልን ማርክ እንሰጣለን። ኤድ ብሩቤከር በ2006 ሲረከበው ማት እስር ቤት ነበር፤ ካወጣው በኋላም ፋታ አልሰጠውም። ቺፕ ዝዳርስኪ በ2019 ሲጀምር ማትን ሳያስበው ሰው አስገደለው። ሁለቱንም ወድጃቸዋለሁ፣ ግን መንገዱ ያው ነው።

አሁን አን ኖሴንቲን አስቡ። ከ"ቦርን አጌይን" በኋላ መጽሔቱ የተሰጠው ለእሷ ነው። እኔ ብሆን እሮጥ ነበር! እሷ ግን እስከ 1991 ቆየች። የሚለርን ጨለማ አልደገመችም፤ "እሺ፣ ሁሉን ያጣ ጠበቃ ጠዋት ተነስቶ ምን ይሠራል?" ብላ ጠየቀች። ማትና ካረን ለድሆች ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ከፈቱ። አንድ ልጅ በፋብሪካ መርዝ ዓይኑን ያጣል፣ የፋብሪካው ጠበቃ ደግሞ የማት የቀድሞ ጓደኛ ፎጊ ነው። ጠላት ስትፈጥርለትም ታይፎይድ ሜሪን ፈጠረች፤ አንዷ ሴት ውስጥ ማት የሚወዳትም እሱን የምታሳድደውም አሉ። ጉልበቱን እንደ በጎነት ሳይሆን እንደ ችግር የምታየው እሷ ናት፤ የሚደበድብ ሰው ስለ ፍትሕ ምን አፍ አለው? አንዳንዴ ትሰብካለች፣ አውቃለሁ። መጨረሻ አካባቢ ማትን ሲኦል አውርዳ ከዲያብሎሱ ሜፊስቶ ጋር ስታፋጥጠው እኔም ግራ ገብቶኛል። ቢሆንም በየዝርዝሩ አራተኛና አምስተኛ መቀመጧ ያናድደኛል።

ብራያን ማይክል ቤንዲስና ሰዓሊው አሌክስ ማሌቭ በ2001 ሲመጡ፣ በዚህ መጽሔት ታሪክ ምርጥ የምለውን ሐሳብ አመጡ። የማት ማንነት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ማት ምን ያደርጋል? ይክዳል። አልፎም ጋዜጣውን ይከሳል፣ እውነት ስለጻፈ! ለፍትሕ ቆሜያለሁ የሚል ጠበቃ በፍርድ ቤት ስም ውሸት ሲያራምድ ከማየት በላይ የሚያሳፍር ነገር የለም። የገጸ ባሕርያቱ ወሬ ግን ይበዛል፤ ሁሉም ሰው በአንድ አንደበት የሚናገርባቸው ገጾች አሉ።

ማርክ ዌይድ በ2011 ሲመጣ ሁሉን ገለበጠው። ማት ይስቃል። ለገና ግብዣ "እኔ ዴርዴቪል አይደለሁም" የሚል ሹራብ ለብሶ ይመጣል። ብዙዎች "ቀለለ" አሉ። አልቀለለም ባይ ነኝ። ሳቁ እንዳይሰበር የያዘው ምርኩዝ ነው፤ ፎጊ ካንሰር ሲይዘው ምርኩዙ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ይታያል። ሰዓሊዎቹ ፓኦሎ ሪቬራና ማርኮስ ማርቲን ደግሞ ማት ዓለምን በድምፅ እንዴት "እንደሚያይ" በመስመር ብቻ አሳዩን። ሰባተኛው እትም በ2012 የአይስነርን፣ ትልቁን የኮሚክ ሽልማት፣ አግኝቷል። ማት ዓይነ ስውር ተማሪዎችን ይዞ ሲጓዝ አውቶቡሱ ይገለበጣል፤ በረዶው ድምፁን ሁሉ ስለሚውጥበት አቅጣጫ ይጠፋዋል። ኪንግፒን የለም፣ ኒንጃ የለም። ልጆች፣ ብርድ፣ አንድ የደከመ ሰው።

ስለዚህ ከማን ልጀምር ለሚለኝ ከዛሬ ጀምሮ ያቺን እትም ነው የምሰጠው። ሚለርን ነካህ ብላችሁ የተቆጣችሁ ደግሞ ማይኩ ይኸው፣ ተራ ያዙ።